በነገሥታት መቃብር የቆጠርነው ዘር

ቪየና፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

ሰላምታዬ እንደ ሁልጊዜው ከጉልበትሽ ይጀምራል። እንዴት ነው፣ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ አሁንም ያስቸግርሻል? አባዬስ ኳሱን ቀነሰ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ቃል በስልክ ስለው አታምኚኝም፤ በጽሑፍ ሲሆን ግን ታምኚያለሽ። "በስልክ ደህና ነኝ፣ ደህና ነሽ እየተባባልን ከምንዋሻሽ በቴሌግራም ደብዳቤ እንጻጻፍ" ብለሽ ያዘዝሽውም ለዚሁ አይደል? ነፋስ ስልክ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ስትተይብ የኖረች ሴት ልጅ ሆኜ እንዴት እምቢ እላለሁ!

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ስልክ ለምን እንዳላነሳሁ ጠይቀሻል። ከተማ ስዞር ነበር። እዚህ ከመጣሁ ዓመት ከመንፈቅ አለፈኝ፤ ከትምህርት ቤቱና ከማደሪያዬ ሌላ የማውቀው የገበያውን መንገድ ብቻ ነው። "መስከረም ላይ አገርሽ ስትገቢ ቪየና ምን አየሽ ቢሉሽ ላይብረሪ ልትዪ ነው?" ብሎ ጓደኛ ሲስቅብኝ ተነሣሁ።

ጠዋት የጀመርነው ከቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ነው። ጣሪያው እንደ ሙዳይ በቀለም የተሰፋ ይመስላል። በሩ ላይ ስደርስ እጄ ሳላዘው ሄዶ አማተብኩ፤ ጎንበስ ብዬም የበሩን ድንጋይ ተሳለምኩ። ከኋላዬ የነበሩ ቱሪስቶች የቦታው ደንብ መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ ሁለቱ ተከትለውኝ ድንጋዩን ሳሙት። ጓደኛዬ ሆዱን ይዞ እስኪንበረከክ ሳቀ። የእሱ ሥራ የአሮጌ ሕንፃዎችን ሊፍት መጠገን ነው። ስለዚህ ከተማዋን የሚያውቃት በሊፍቶቿ ነው። ሌላው ሰው "ይህ ቤተ መንግሥት በእከሌ ዘመን ተሠራ" ሲል እሱ "ይህቺ እንኳ ገመዷ አምና ተቀይሯል" ይላል። ማማው ላይ በሊፍት ወጥተን ከተማውን ከላይ አየነው። ከዚያ ቱሪስት የሚጭኑ የጋሪ ፈረሶች አየሁ፤ ጆሯቸው ላይ በኪሮሽ የተሠራ ቆብ አድርገዋል። አባዬ ቢያይ "የኛ የደብረ ዘይት ፈረሶች ምን በደሉ" ይል ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንድ ገዳም ሥር ወዳለው የነገሥታት መቃብር ወረድን። የብረት ሣጥኖቹ አልጋ ያህላሉ፤ አንዱ ላይ ዘውድ የደፋ የራስ ቅል ተቀርጿል። እዚያ ብዙ አልቆየንም። ከዚያ ወዲያ መናፈሻው ውስጥ ሰው ጭኖ ሽቅብ በሚዞረው ትልቁ መንኮራኩር ላይ ልንሳፈር ነበር፤ ቀረ። ደክሞኝ ቤቴ ገባሁ።

እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባባ ደገፋ ወንድም ነበራቸው እንዴ? እንዲሁ ነው የጠየቅኩሽ።

ልጅሽ መቅደላዊት


መካኒሳ አቦ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ት መቅደላዊት ማኑሄ
ቪየና

ጉዳዩ፦ "ጓደኛ" የተባለውን ግለሰብ ማንነት ስለማሳወቅ

ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ ሚያዝያ 26 በጻፍሽው ደብዳቤ ስለ ጣሪያ፣ ስለ ሊፍትና ስለ ፈረስ ቆብ በዝርዝር ገልጸሽ ሳለ፣ የጓደኛሽ ስም ግን ሳይጻፍ መቅረቱን ተረድተናል። የፈረስ ቆብ የምታስታውስ ልጅ የሰው ስም አትረሳም። ስለሆነም ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የእናቱን አገርና የአባቱን ሥራ ጠቅሰሽ በአስቸኳይ እንድታሳውቂ እየጠየቅን፣ ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።

አሁን ቀልዱን ልተወውና፣ ልጄ፣ ደስ ብሎኛል። አንድ ዓመት ተኩል "አነበብኩ፣ ጻፍኩ፣ ተኛሁ" ስትዪ ልቤ ያዝን ነበር። ሰው ከሰው ጋር ሲስቅ መስማት ጥሩ ነው። ድንጋይ የሳሙትን ቱሪስቶች ለግቢው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ "በረከቱ ይድረሳቸው" ብለውልሻል።

ጉልበቴ ደህና ነው። መንገዱ ተቆፍሮ አቧራው ግን ፎቅ ድረስ ይወጣል፤ መጋረጃ በየሳምንቱ አጥባለሁ። አባትሽ ኳስ አልቀነሰም፤ ጭራሽ መነጽር አሠርቶለታል።

አባባ ደገፋ ወንድም ነበራቸው ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ነበራቸው። ሚሳኤል የሚባሉ ታላቅ። ሰላሌ፣ ደገም ላይ በወጣትነታቸው ተጣልተው አባባ አዲስ አበባ ገቡ፤ ተመልሰውም አልሄዱ። በምን እንደተጣሉ የቆየ ነገር ነው፣ ተዪው። አንቺም ልጅ ሳለሽ ጭናቸው ላይ እያስቀመጡ ዘር ሲያስቆጥሩሽ የሚሳኤልን ስም አንሥተው አያውቁም።

ግን እኔ ልጠይቅሽ። "እንዲሁ ነው" የሚል ሰው እንዲሁ አይጠይቅም። መቃብር ቤት ምን ገጥሟችሁ ነው ቶሎ የወጣችሁት?

ከሰላምታ ጋር
እናትሽ ትሩፋት ደገፋ

ግልባጭ፦
ለአባትሽ፣ ኳሱ ሲያልቅ


ቪየና፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብዳቤሽ ሲያስቀኝ ቆይቶ "ሚሳኤል" የሚለው ላይ ስደርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት።

ስሙ ሲራክ ነው። ሲራክ ክብረት። የጎፋ ልጅ ነው። ጎፋና መካኒሳ ስንት ነው? አንድ ታክሲ ነው። እኛ ግን እዚያ ሳንተያይ አድገን፣ ቪየና ድረስ መጥተን፣ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ ሲታደል ተዋወቅን። ዓመት ሊሆነን ነው። ያልነገርኩሽ አፍሬበት አይደለም። ሐምሌ ላይ ሽማግሌ ሊልክ ስለነበረ እንደ ወጉ ደጅሽ ላይ ይነገርሽ ብዬ ነው። አሁን ግን የሚላክ ሽማግሌ አለ ብዬ አላስብም፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

መቃብር ቤት አስጎብኚያችን አንዲት ሸበቶ ሴት ናት። በየሣጥኑ እየቆመች "ይሄኛው የእህቱን ልጅ አገባ፤ ያኛው የአጎቱን ልጅ" ትላለች። ሲራክ ጆሮዬ ሥር መጥቶ "እነዚህ ሰዎች ዘር የሚቆጥር ሽማግሌ ጠፍቶባቸው ነው" አለኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። "በይ እንግዲህ እኛስ እንደነሱ እንዳንሆን እንቆጠር" አለ። ቀልድ ነበር እማዬ። እኔም ለቀልድ በአባዬ በኩል ያለውን ቆጠርኩ፤ ምንም የለም። በአንቺ በኩል ደግሞ አባባ ደገፋ እንደ ዜማ ያስጠኑኝን ጀመርኩ። "ደገፋ፣ ቱፋ፣ ጉርሜሳ" ስል ሲራክ ቀድሞኝ "ጃለታ" አለ። የሚያሾፍ መሰለኝ። "ቦሩ" አልኩ፤ እሱም አብሮኝ "ቦሩ" አለ። የመጨረሻውን "ዋቅጅራ" ሁለታችንም እኩል ተናገርነው። በዚያ የድንጋይ ቤት ድምፃችን ተመልሶ መጣ። አስጎብኚዋ ዘወር ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

የሱ አያት ሚሳኤል ቱፋ ናቸው።

ሰባት ቤት ቀርቶ አራተኛው ላይ ተገናኘን። ወጥተን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ አይስክሬም ገዝቶልኝ ነበር፣ ቀልጦ እጄ ላይ ፈሰሰ።

እማዬ፣ ደገም ላይ ሌላ ቱፋ ጉርሜሳ ይኖር ይሆን? አለ በዪኝ። እባክሽ አለ በዪኝ።

መቅዲ


መካኒሳ አቦ፣ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ዛሬ "ጉዳዩ" የሚል አልጽፍም።

የላክሽውን የድምፅ መልእክት ሰምቼዋለሁ። አልቅሰሽ ስታበቂ "እንቅልፍ ነስቶኝ ነው ድምፄ የጎረነነው" ያልሽውንም ሰምቼዋለሁ። አላምንሽም፣ ግን እሺ።

ዛሬ ልደታ ነች። የግቢው ሰው ደጅ ወጥቶ ንፍሮ እየበላ ነው፤ እኔንም ጠርተውኝ ነበር፣ ራሴን አመመኝ ብዬ ገባሁ። በመስኮት ሳያቸው "ትሩፋት፣ ዛሬስ ንፍሮው አንሶሽ ነው?" እያሉ ይቀልዱብኛል።

ለጠየቅሽኝ መልሱ ይህ ነው። ሌላ ቱፋ ጉርሜሳ የለም። አልዋሽሽም። ነገር ግን የምነግርሽ ነገር በዚህ አያበቃም። ቀሪውን አሁን ልጽፈው ብዬ ሁለት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁት። ለመጻፍ መብቱ የእኔ ብቻ መሆኑን አላወቅኩም። መጀመሪያ ከአባትሽ፣ ቀጥሎ ከንስሐ አባቴ ጋር መነጋገር አለብኝ። ጥቂት ቀን ስጪኝ።

እስከዚያው አንድ ነገር አደራ። ያንን ልጅ "ደህና ሁን" እንዳትዪው። "ደህና ዋል" ብቻ በዪው።

ደግሞ ብዪ። ባዶ ሆድ ሐዘን ያበዛል።

እናትሽ


ቪየና፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

ብዪ ላልሽኝ፣ በልቻለሁ።

"ደህና ዋል" ማለት ዘግይቷል። ሲራክ ሐሙስ ዕለት አባቱን ደውሎ ጠይቋቸው ነበር። አቶ ክብረት "ደገፋ አጎቴ ናቸው። ሴት አግብተው አዲስ አበባ እንደገቡ፣ አንዲት ልጅም እንደነበረቻቸው ሰምቻለሁ። የአጎቴ የልጅ ልጅ እህትህ ናት፣ ልጄ። ተው" አሉት። ተቆጥተው አይደለም፤ ለእሱ አዝነው ነው። ቢቆጡት ይሻለን ነበር።

ተነጋግረን መገናኘት ትተናል። አሁን ቴሌግራም ስከፍት ከስሙ ሥር "እየጻፈ ነው" የሚለው ይበራል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይበራል። የሚመጣ ነገር የለም። "እህቴ" ብሎ ለመጀመር እየሞከረ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም "ወንድሜ" ብዬ ሞክሬ አቅቶኛል።

አንቺ ደግሞ የምታውቂውን ነገር ይዘሽ "ጥቂት ቀን" ትዪኛለሽ። ልቆጣሽ አልፈልግም። ግን እማዬ፣ ከዚህ የከፋ ነገር ካለ አሁኑኑ ንገሪኝና አንዴ ልዘንበት። የተሻለ ነገር ካለ ደግሞ ለምን ታስጠብቂኛለሽ?

መቅደላዊት


መካኒሳ አቦ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ መቅዲ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢው። መጨረሻው ደህና ነው። አስቀድሜ የነገርኩሽ፣ የሰው ደብዳቤ ስተይብ "ይሄ ነገር መጨረሻው ምን ይሆን" እያልኩ ልቤ ሲንጠለጠል ስለኖርኩ ነው። የአንቺ ልብ አይንጠልጠልብኝ።

ደገፋ ቱፋ አልወለዱኝም።

ይህን ቃል በስልሳ አንድ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍኩት። የወለደኝ ሰው ወንድዬ የሚባል የቡልጋ ሰው ነው፤ እኔ በእናቴ ሆድ ሳለሁ ታሞ ሞተ። እናቴ እንደወለደችኝ አዝላኝ ደገም ድረስ ዘመድ ፍለጋ መጣች። ዘመድ የተባለው ሰው አልተገኘም፤ አባባ ደገፋ ግን ተገኙ። ሊያገቧት ሲሉ ቤተሰቡ "የሰው ልጅ አዝላ የመጣች ሴት ቤታችን አትገባም" አለ። ከሁሉም የባሱት ታላቅየው ሚሳኤል ነበሩ። አባባ አልተከራከሩም። እናቴን አስቀድመው፣ እኔን ትከሻቸው ላይ አድርገው አዲስ አበባ ገቡ። ሌላ ልጅ አልወለዱም። ትምህርት ቤት ሊያስገቡኝ ሄደው "የአባት ስም?" ቢባሉ "ደገፋ ነዋ፣ ሌላ ማን ሊሆን ነው?" ብለው ተቆጡ ይባላል።

እናቴ ልትሞት ስትል ነው ይህን የነገረችኝ። "የማታውቂ ነው የሚመስለው፤ እንዳወቅሽ አታሳዪው፣ ይሰበራል" አለችኝ። አላሳየሁም። አንድ ጎረቤት በጨዋታ መሃል "የእንጀራ ልጅዎ" ቢላቸው ያ ሰው ከዚያ ቀን ወዲያ ደጃችን አልደረሰም። "የእንጀራ አባት" የሚል ቃል በቤታችን ተነግሮ አያውቅም። አንቺን ጭናቸው ላይ አድርገው "ትሩፋት፣ ደገፋ፣ ቱፋ" ሲያስቆጥሩሽ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ እሰማ ነበር፤ ሲደሰቱም እሰማ ነበር።

ልደታ ዕለት ዝም ያልኩሽ ለዚህ ነው። በአንድ በኩል አንቺ፣ በአንድ በኩል እሳቸው። አባቴ አይደሉም ብል አንቺን ነፃ አወጣለሁ፤ ግን እሳቸውን ሁለተኛ የምቀብራቸው መሰለኝ። ለእኔ ብለው ወንድማቸውን ያጡ ሰው!

በነጋታው ለአባትሽ ነገርኩት። የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋ። ኳስ እየተጫወቱ ድምፅ ማጥፋቱ ራሱ ያስደነግጣል።

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ። ዘር ይቆጠር ሲባል አባባ ሽማግሌዎቼን ጓሮ ወሰዷቸው። ‘በሐሰት ዘር አላስቆጥርም፣ የምታገባው ልጅ የወንድዬ ናት፤ እሱን ቁጠሩ’ አሏቸው። ቆጠሩ። ከዚያ ሁላችንንም አስማሉን፤ ‘እሷ አታውቅም፣ እንዳትነግሯት፣ አንገቷን እንዳትደፋ’ ብለው።"

አየሽ መቅዲ? እሳቸው እኔ እንዳላውቅ ደበቁኝ፤ እኔ እንደማውቅ ደበቅኳቸው፤ አባትሽ የሁለታችንንም ይዞ ኳሱን ሲያይ ኖረ! መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ "ይህን ሁሉ ዓመት!" ብዬ ትራስ ወረወርኩበት። ልቤ ግን ቀለል አለኝ። አባባ ራሳቸው ለእኔ ጋብቻ ሲሉ ያን ቃል አውጥተውታል። እኔ ለአንቺ ብዬ ባወጣው የእሳቸውን መንገድ ተከተልኩ እንጂ ምን አጠፋሁ?

ትናንት አቦ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን አገኘኋቸው። ሁሉንም ሰምተው "በሥጋ የማይገናኙ ልጆችን ለምን ታስለቅሳላችሁ? ግን የወንድዬንም ወገን ከልጁ ወገን ጋር አስቆጥሪ፤ የሚያውቅ ሰው ባለበት" አሉኝ። የሚያውቅ ሰው ያለው ጎፋ ነው። ከአባትሽ ጋር ታክሲ ይዘን ሄድን። እሱ መንገዱን ሙሉ ከረባቱን ሲያስተካክል ነበር፤ ሽማግሌ እንደሚልክ ጎረምሳ።

አቶ ክብረት በር ከፈቱልን። ማን እንደሆንን ስንናገር ፊታቸው ጠቆረ፤ ጨዋ ሰው ናቸውና ግን አስገቡን። ወንበር ላይ እናታቸው እማሆይ ወርቄ ተቀምጠዋል፤ የሚሳኤል ባለቤት። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ይሰማል።

"የማን ነሽ?" አሉኝ።

"የደገፋ ልጅ ነኝ።"

"ያቺ አዝላት የመጣችው?"

ይህን ያሉት እኔ ስለዚያ ምንም ሳልነግራቸው ነው። አቶ ክብረት "አዝላት የመጣችው ማለት ምን ማለት ነው፣ እማማ?" አሉ።

"ደገፋማ የት ወለደ! ለዚቺ ሕፃን ብሎ አይደል ወንድሙ ያስወጣው? ስታልፍ አይቻታለሁ፤ ትከሻው ላይ ሆና ጆሮውን ይዛ ነበር።"

አቶ ክብረት ወንበሩን ተደግፈው ቆሙ። "ታዲያ እኔ ልጆቹን በከንቱ ነው ያስለቀስኳቸው?" አሉ። ለራሳቸው ነው የተናገሩት።

ከዚያ የወንድዬንና የእናቴን ዘር፣ የእማሆይን ወገን፣ የሲራክን እናት ወገንም ጨምረን እያነሣን ቆጠርን። እማሆይ ያልደረሱበት ቤት የለም። አንድም ቦታ አትገናኙም፣ ልጄ። አንድም ቦታ!

ስንወጣ እማሆይ እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። "ሚሳኤል ሊሞት ሲል በር በተንኳኳ ቁጥር ‘ደገፋ መጣ?’ ይል ነበር። አልመጣም ማለት ሰልችቶኝ ነበር። ዛሬ መጣ እለዋለሁ" አሉኝ።

አሁን ተነሺና ለዚያ ልጅ ደውዪለት። የጀመረውን ደብዳቤ ይጨርስ።

እናትሽ ትሩፋት


ቪየና፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

ተቀየመችኝ ይሆን ብለሽ ካሰብሽ፣ አልተቀየምኩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ደገፋ ቱፋ አልወለዱኝም" የሚለውን ሳነብ፣ ስለ እሳቸው ተቀየምኩ። እስከ መጨረሻው ሳነብ አለፈልኝ።

ደብዳቤሽን የጀመርኩት ትራም ውስጥ ቆሜ ነው። "ቁጭ ብለሽ አንብቢው" ያልሽው ላይ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ ተነሥተው ቦታቸውን ሰጡኝ። መውረጃዬን አልፌ የመጨረሻው ፌርማታ ደረስኩ፤ ሾፌሩ መጥቶ "ደህና ነሽ?" አለኝ። "ደህና ነኝ" አልኩት። እማዬ፣ ይህን ቃል በእውነት ስናገረው ስንት ጊዜዬ እንደሆነ!

ለሲራክ ስደውል አንድ አሮጌ ሆቴል ውስጥ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ነበር። እየጮህኩ ስነግረው ከታች "ምን? ምን?" ይላል፤ ማስተጋባቱ ቃሉን በላው። "ውጣ!" አልኩት። ግራሶ እጁን ሳይጠርግ ወጥቶ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ደብዳቤሽን ራሱ አንብቦ፣ እናንተ ቤታቸው የሄዳችሁበት ላይ ሲደርስ ቁጭ አለ፤ ድንጋዩ መንገድ ላይ። "አያቴ ‘ዛሬ መጣ እለዋለሁ’ አለች?" ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ ሰው እስኪያየን ድረስ። ሸሚዜ ላይ የግራሶ እጁ ምልክት አለ፤ አላጥበውም።

"መቃብር ቤቱ ተመልሰን የጀመርነውን ቀን እንጨርስ" አለኝ። "የሞቱትን ተዋቸው፤ እኛ ነፋስ የሚነፍስበት እንቁጠር" አልኩት። ያመለጠን ትልቁ መንኮራኩር ላይ ወጣን። ከላይ ወንዙ ይታያል፣ የካቴድራሉ ባለቀለም ጣሪያም ትንሽ ሆኖ ይታያል። እዚያ ላይ "እንግዲህ እንደገና ቁጠሪ" አለኝ።

አሰብኩበት። ወንድዬን ልጥራ? ለሰርጉ እሱ ይጠራ፤ ሐቅ ነው፣ ነፍሱን ይማር። እኔ ግን ጭን ላይ ተቀምጬ የተማርኩት አንድ ነው። "መቅደላዊት፣ ትሩፋት፣ ደገፋ፣ ቱፋ፣ ጉርሜሳ" ብዬ ጀመርኩ። ሲራክ ከቱፋ ጀምሮ ተከተለኝ። "ዋቅጅራ" ላይ አብረን ደረስን፤ በዚህ ጊዜ ዝም በሉ ያለን ሰው የለም።

ስላላመንኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እማዬ። አባዬን ስለ እኔ ሳሚልኝ። ትራሱ ጎዳው?

መቅዲ


መካኒሳ አቦ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ት መቅደላዊት ማኑሄ
ቪየና

ጉዳዩ፦ ሽማግሌ ስለመቀበል

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ ዛሬ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ደጃችን ደርሰዋል። ሐምሌን አልጠበቁም፤ አቶ ክብረት "ለስድሳ ዓመት ዘግይተናል፣ ሌላ ሁለት ወር አንጨምርም" ብለው ነው አሉ። ሽማግሌዎቹን የመሩት የጎፋ ጎረቤታቸው ሐጂ ሰዒድ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ቃላቸው የሚጣፍጥ ሰው።

እንደ ወጉ "ተቀመጡ" ስንላቸው "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። አባትሽም እንደ ወጉ ፊቱን ቋጥሮ "እናስብበት፣ ሌላ ጊዜ ተመለሱ" ማለት ነበረበት። ከትናንት ጀምሮ መስታወት ፊት ሲለማመደው ነበር። ሐጂ ሰዒድ ግን "ልጃችሁን ለልጃችን" ሲሉ ገና ሳይጨርሱ "ሰጥተናል! ተቀመጡ!" አለ። ሽማግሌዎቹ የተዘጋጁበት ንግግር ሁሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ። አሁን ድረስ አላናገርኩትም። ትራሱ አልጎዳውም፤ ዛሬ ሌላ ሊያገኘው ነው።

ሐጂ ሰዒድ ወደ እኔ ዘወር ብለው "ዘር ተቆጥሯል ወይ?" ብለው ጠየቁ። "ሁለት ጊዜ" አልኳቸው።

ስሜ አይለወጥም ወይ ብለሽ በስልክ ለጠየቅሽኝ፣ አይለወጥም። የእኔም አይለወጥም። በዚህ ዕድሜዬ መታወቂያ አልቀይርም፤ ቢለምኑኝም አልቀይርም።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ አንድ ነገር አሰብኩ። አባባ የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም፤ የሰው ልጅ ትከሻቸው ላይ አድርገው ከአባታቸው ቤት ወጡ። እናንተ ልጅ ብትወልዱ፣ ያ ልጅ በአንቺ በኩል ስማቸውን ይጠራል፣ በሲራክ በኩል ደማቸው ይኖረዋል። ጭናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ "ደገፋ፣ ቱፋ" ስታስቆጥሩት አንድም ቃል ውሸት አይሆንም። እኔ የወሰድኩባቸውን ቤት አንቺ መለስሽላቸው። ይህን ሳስብ ንፍሮ እንዳማረኝ ታውቂያለሽ? የልደታው ቀርቶብኝ ነበር። ተነሥቼ ቀቀልኩ፤ ለግቢውም አደረስኩ።

በመስከረም በሰላም ያገናኘን። ሲራክን "ልጄ" ብላሃለች በዪው።

ከሰላምታ ጋር
ትሩፋት ደገፋ

ግልባጭ፦
ለአባትሽ፣ ኳሱ ሲያልቅ
ለእማሆይ ወርቄ፣ ጎፋ
ለአባቴ ለአቶ ደገፋ ቱፋ፣ ባሉበት